ከሙሽራው ድንጋይ ጀርባ

እሑድ ጠዋት ስልኩ ሲጠራ ኢንስፔክተር ታንጉት ፍኖተ ሰላም ከተማ ባለው ቤቷ በረንዳ ላይ ጫማዋን እየጠረገች ነበር። ልፋቷ ከንቱ ቀረ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጫማዋም እሷም ከቡሬ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው የጠጠር መንገድ አቧራ ለብሰዋል። ፒክ አፑን የሚነዳው ሳጅን ቴዎፍሎስ ስለ ወገቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሙቀቱ ያማርራል። ስድስት ዓመት አብራው ስለሠራች ታውቀዋለች፤ ቴዎፍሎስ አብዝቶ የሚያማርረው ሬሳ ሊያይ ሲል ነው።

የሚሄዱበት ቦታ ሰርገኞቹ ይባላል። ቁጥቋጦ እንኳ በቅጡ በማይበቅልበት ጠፍ መሬት ላይ ሃያ ያህል ቀያይ የድንጋይ ዓምዶች ተሰልፈው ቆመዋል። የአገሩ ሰው፣ ሙሽራ ይዘው ሲመለሱ መንገድ ላይ ክፉ ሥራ ሠርተው ድንጋይ የሆኑ ሰርገኞች ናቸው ይላል፤ ክፉው ሥራ ምን እንደነበር ሲጠየቅ ግን ወሬ ይለውጣል። ከፊት የቆመው፣ ሁሉንም በቁመት የሚበልጠው ዓምድ ሙሽራው ነው። ደገኛው ልጆቹን ሲያስፈራራበት የኖረውን ይህን ቦታ ከተሜው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በስልክ በሚዞር ቪዲዮ አይቶ ወዶታል። ድንኳን ተክሎ ማደርም ተለምዷል።

ክንፈሚካኤልና ሚስቱ ሀኒ ቅዳሜ መንገድ መሪ ይዘው የመጡት አንድ ሌሊት ሊያድሩ ነበር። ከተጋቡ ስድስት ወራቸው ነው፤ ሁለቱም ቡሬ ያስተምራሉ። አሁን ክንፈሚካኤል ከሙሽራው ድንጋይ ጀርባ፣ ጎርፍ በቦረቦረው ጉድባ ውስጥ በጀርባው ተዘርግቷል። ታንጉት አጠገቡ ተንበርክካ ጥቂት ቆየች። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው ብለዋታል። ከዚያ ሥራዋን ጀመረች።

ቀኝ እጁ እንደ ጨበጠ ደርቋል። ጣቶቹን ቀስ ብላ ስታላቅቅ የአውራ ጣት ርዝመት ያለው ቀይ የቆዳ ጠፍር ወጣ፤ አንዱ ጫፉ ተበጥሷል።

«መንገድ መሪው ነው የገደለው» አለ ቀድሟት የደረሰው የአካባቢው ፖሊስ። «የቢላዋውን አፎት ይዩት። ማንጠልጠያው ተበጥሶ በገመድ ነው ያሰረው።»

ታንጉት ጠፍሩን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ቢላዋ ወገብ ላይ ነው የሚውለው። ማንጠልጠያው ላብ ላብ ይሸታል» አለች። «ይሄ የሚሸተው ሰም ነው።»

ፖሊሱ የሰም ነገር አልገባውም። እሷም ጠፍሩን በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

ሀኒ ሩብ ሰዓት ከሚያስኬድ ርቀት ላይ ሰማያዊው ድንኳን ፊት ተቀምጣለች። አልቅሳ አልቅሳ ድምጿ ተዘግቷል። ታንጉት አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጣ ውሃ አቀበለቻትና የቅዳሜውን ውሎ ከመጀመሪያው ጠየቀቻት። ረፋድ ላይ ደረሱ። መንገድ መሪው ጌታሁን ድንኳኑን ተከለላቸው። ሰባት ሰዓት ላይ ክንፈሚካኤል ብቻውን ሙሽራው ላይ ወጣ፤ ከጀርባው በኩል ሰው የሚያስወጣ መንገድ አለው፤ የስልክ ኔትወርክም ያለው እዚያ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ወርዶ አረፍ አለ። አሥር ሰዓት ላይ ጌታሁን አራስ ሚስቱን ሊጠይቅ ወደ ቤቱ ሄደ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ክንፈሚካኤል ተመልሶ ወጣ፤ እሷን ራሷን ስላመማት ድንኳን ውስጥ ቀረች። ጌታሁን አንድ ሰዓት ላይ ወተትና ዳቦ ይዞ ሲመለስ ባሏ የለም። በባትሪ ፈልገው አጡት፤ ያገኙት ጎህ ሲቀድ ነው።

«የመጀመሪያውን ጊዜ ሲወርድ እንዴት ነበር?»

«ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ምን ሆንክ ስለው ‹ነገ እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ማነጋገር ያለብኝ ሰው አለ› አለኝ። ምሳም አልበላ። በኋላ ጌታሁን ወንድ ልጅ መውለዱን፣ ያን ቀን ሠላሳ ቀኑ እንደሆነ ሲያጫውተው ነው ትንሽ የተፍታታው። ‹ክርስትናውን እኔ አነሳልሃለሁ› ብሎ ቃል ገባለት። ከዚያ ሳቀ።» ሀኒ እጆቿን አየች። «ከዚያ ወዲያ ሲስቅ አላየሁትም።»

ታንጉት ትንሽ ጠብቃ፣ ወደዚህ ሲመጡ የከለከላቸው ሰው እንደነበር ጠየቀች። ዘመድ ሁሉ ተው ብሏቸዋል። አጥብቆ የተቆጣው ግን የክንፈሚካኤል ታላቅ ወንድም ወንድምአገኝ ነበር፤ እባብ አለ፣ ሽፍታ አለ ብሎ፣ ይልቅ ጢስ ዓባይ ሂዱ፣ ሆቴሉን እኔ ልያዝላችሁ እስከማለት ደርሷል። አባታቸው ከሞተ በኋላ ክንፈሚካኤልን ያሳደገው እሱ ስለሆነ፣ ቁጣው የአባት ስስት መስሏት ነበር።

ጌታሁን ከግራር ሥር እጁን በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ገና ሃያ አምስት የማይሞላው የቆላ ገበሬ ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው ደጋግሞ የሚለው።

«አልገደልሁትም እመቤቴ። የልጄን ክርስትና ሊያነሳልኝ የነበረውን ሰው? በምን አንጀቴ?»

በዚያ ሰዓት ቤቱ እንደነበር ያየችው አራሷ ሚስቱ ያምሮት ብቻ ናት። የሚስት ምስክርነት ደግሞ ሩቅ እንደማይሄድ ታንጉት ታውቃለች።

አምስት ሰዓት ላይ ወንድምአገኝ መጣ። ቡሬ ትልቅ የእህል መደብር ያለው፣ ጎልማሳ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። ነጭ ጋቢውን እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ አንገቱ አዙሮ ለብሷል። አራት ዘመዶቹ ተከትለውታል፤ ደረሰ የሚባለው የአጎቱ ልጅ ጠመንጃ ይዟል። ወንድምአገኝ ሬሳው ላይ ወድቆ አለቀሰ። ያለቀሰው ለታይታ አልነበረም፤ ታንጉት የውሸት ለቅሶ ብዙ ስለሰማች ለይታ ታውቃለች።

እንባውን ሲጠርግ ስለራሱ ጠየቀችው። ቅዳሜ ማታ ቤቱ ነበር። እሑድ ሌሊት ተነስቶ ቡሬ ቅዳሴ ገባ። ስልኩን ዘግቶ ስለነበር መርዶውን የሰማው ሁለት ሰዓት ላይ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ጌታሁን ደውሎለት ነው።

«ቅዳሜስ ከወንድምዎ ጋር አልተነጋገራችሁም?»

«በሰባት ሰዓት ደውሎልኝ ነበር። ‹ይሄ መንገድ መሪ ዓይኑ አላማረኝም፣ ፈርቼዋለሁ› አለኝ። ተመለስ ብለው እንቢ አለኝ።» ዓይኑን ከጌታሁን ላይ ሳይነቅል ቀጠለ። «እኛ ክስ አንፈልግም ኢንስፔክተር። ልጁን ይፍቱትና ወደ ቤቱ ይሂድ።»

ቋሪት ገበዝ ማርያም ተወልዳ ላደገችው ለታንጉት «ይፍቱት» ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም። ፖሊስ ያልያዘው ሰው ለደም መላሽ ቅርብ ነው። ይባስ ብሎ ደረሰ ጠመንጃውን እንዳነገተ ግራሩ ሥር ሄዶ ቁጢጥ አለና፣ ጌታሁንን በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀው።

«ቤታችሁ በየት በኩል ነው?»

ጌታሁን ፊቱን ወደ ግራሩ ግንድ አዞረ። ታንጉት ደረሰን በዓይኗ አስነሳችውና ቴዎፍሎስን ወደ ጎን ጠርታ፣ ያምሮትንና ሕፃኑን ዛሬውኑ ወደ ፍኖተ ሰላም እንዲያመጣ አዘዘችው። ጌታሁን በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ቢፈታ ይገደላል፤ ቢታሰር ደሙ ልጁ ላይ ይቀራል። እስከ ማክሰኞ ጠዋት እውነተኛውን ገዳይ ካላገኘች ሁለቱም መንገድ ያው ነው።

ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ሙሽራው ላይ ወጣች። ቴዎፍሎስ ከታች ሆኖ ስለ ዕድሜዋ የተናገረውን ያልሰማች መሰለች። ከጫፉ ጥቂት ዝቅ ብሎ ሰው ተጎንብሶ የሚያስገባ ዋሻ አለ። ወለሉ በሌሊት ወፍ ኩስ ተሸፍኗል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ባለ አራት ማዕዘን ንጹሕ መሬት ይታያል። የሆነ ዕቃ እዚያ ለወራት ተቀምጦ፣ በቅርብ ተነስቷል። ታንጉት በስንዝር ለካችው፤ ሁለት በአንድ ተኩል። ከኪሷ ጠፍሩን አውጥታ ደግማ አሸተተችው።

ከዚያው ጫፍ ላይ ስልኳን አውጥታ ወንድማማቾቹ ወዳደጉበት ደብር፣ ወደ መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ደወለች። የጠየቀቻቸው፣ የጠፋባቸው መጽሐፍ እንዳለ ብቻ ነው። ከሁለት ወር በፊት የብራና ድርሳን ከነማኅደሩ ጠፍቶባቸዋል። ማኅደሩ፣ ማለትም መጽሐፉ የሚቀመጥበት የቆዳ ከረጢት፣ ቀይ ነው። ለዘመናት ጧፍ ሲንጠባጠብበት የኖረ ነው።

ሰኞ ጠዋት ፍኖተ ሰላም ሬሳውን የመረመሩት ሐኪም ሁለት ነገር ነገሯት። ክንፈሚካኤል የወደቀው አመሻሹ ላይ ነው። ሁለተኛውን ስትሰማ ታንጉት ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሰውየው ከወደቀ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይቷል።

ቀብሩ በዚያው ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ቡሬ ነው። ታንጉት ቀድማ ደረሰችና ወንድምአገኝ ወዳስቀደሰበት ቤተ ክርስቲያን በር ሄደች። እዚያ እመት ሥርጉት የሚባሉ አሮጊት ጧፍ ይሸጣሉ። ለደንቡ ያህል የወንድምአገኝን ቃል አረጋግጣ ልታልፍ ነበር።

«እንዴታ፣ አይቻቸዋለሁ» አሉ እመት ሥርጉት። «የመጀመሪያ ገዢዬ እሳቸው አልነበሩ? አሥራ አንድ ሰዓት አልሞላም፣ ገና አልነጋም። ለወትሮው ሦስት ጧፍ ነው የሚወስዱ፤ ትናንት አንድ ብቻ አነሱ። ሐዘኑ ሰብሯቸዋል፣ ምስኪን።»

«ሐዘኑ?»

«ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ነዋ የመጡ። ‹እግዜር ያጥናዎ› አልኋቸው። ‹አሜን› አሉኝ። ማን እንደሞተባቸው የሰማሁ ኋላ ነው።»

ታንጉት ሰዓቱን ሦስት ጊዜ አስደገመቻቸው። እመት ሥርጉት በሦስተኛው ላይ ተቆጡ። ታንጉት ይቅርታ ጠይቃ ሁለት ጧፍ ገዛችና ወደ ቴዎፍሎስ ደወለች፤ የፍርድ ቤት የብርበራ ትዕዛዝ አውጥቶ፣ ሰው ሁሉ ቀብር ላይ ሳለ የወንድምአገኝን መደብር እንዲፈትሽ።

ከቀብር መልስ ሐዘንተኛው ሁሉ በወንድምአገኝ ግቢ በተተከለው ድንኳን ተሰበሰበ። የሟች እናት ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ መሬት ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸው ተዘቅዝቋል፣ ሀኒ ጉልበታቸው ላይ ተደፍታለች። ወንድምአገኝ ከወንዶቹ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። መሪጌታ ሃይለ ሚካኤልም መጥተዋል። ታንጉት በአምስት ፖሊሶች የታጀበውን ጌታሁንን ይዛ ስትገባ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ጉርምርምታ ተቋረጠ። ደረሰ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

ታንጉት ወደ እናቲቱ ሄዳ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች።

«እማማ፣ በሐዘንዎ ላይ መናገሬን ይቅር ይበሉኝ። ልጅዎን የገደለው ይሄ ሰው አይደለም። ማን እንደሆነ ልንገርዎ?»

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ቀና ብለው አዩዋት። «ንገሪኝ» አሉ።

ታንጉት ድምፅዋን አላነሳችም፤ ሁሉም ግን ሰማት። ክንፈሚካኤል እጅ ውስጥ የተገኘው ጠፍር የቢላዋ አፎት ማንጠልጠያ እንዳልሆነ፣ የመጽሐፍ ማኅደር ጠፍር እንደሆነ ተናገረች። ሙሽራው ድንጋይ ላይ ባለው ዋሻ ውስጥ መጽሐፍ የሚያክል ዕቃ ተደብቆ እንደነበር አስረዳች። ክንፈሚካኤል ቅዳሜ በሰባት ሰዓት ያን መጽሐፍ አገኘ። ፊቱ ጠቁሮ ወረደ። ለሚስቱ እንኳ ያልነገራትን ነገር መጀመሪያ ሊያነጋግረው የሚገባ ሰው ነበረ።

«በሰባት ሰዓት ለአንድ ሰው ደውሏል» አለች። «ለአቶ ወንድምአገኝ።»

«መንገድ መሪውን ፈርቶ ነው የደወለ ብዬሻለሁ» አለ ወንድምአገኝ። ሰው ፊት አንቺ ሲላት ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ፈርቶታል ላሉት ሰው ልጅ፣ ከዚያው ስልክ በኋላ፣ የክርስትና አባት ሊሆን ቃል ገብቷል። ሀኒ ሰምታለች። ስለዚህ አልፈራውም፤ እርስዎ ዋሽተዋል። እዚያ ቦታ እንዳይሄዱም ከማንም በላይ የተቆጡት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ቡሬ ነበርሁ። ቅዳሴ ላይ ያላየኝ የለም።»

«አዎ፣ እሑድ ቅዳሴ ላይ ነበሩ። አረጋግጫለሁ።» ታንጉት ወደ እሱ ዞረች። «እመት ሥርጉት ጧፍ የሸጡልዎት አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ወንድምዎ የተገኘው ጎህ ከቀደደ በኋላ ነው። መርዶ የሰሙት ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ራስዎ ነግረውኛል። ታዲያ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጋቢዎን ለማን ነው ያዘቀዘቁት?»

ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የየራሱን ጋቢ፣ የየራሱን ነጠላ አየ። ሰው ሲሞት ጥለቱን ወደ አንገት ማዞር ማንም አስቦ የሚያደርገው ነገር አይደለም። ወንድምአገኝ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደና ጋቢውን ጨብጦ ቀረ።

«‹እግዜር ያጥናዎ› ሲሉዎት ‹አሜን› ብለዋል» አለች ታንጉት።

በዚህ መሃል ቴዎፍሎስ ገባ። እንደ ልማዱ አላማረረም። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ ይዟል፤ ከመደብሩ ጓዳ፣ ከጤፍ ጆንያ ውስጥ ነው ያገኘው። መሪጌታ ገልጠው አዩትና ተሳለሙት። የቀዩ ማኅደር ማንጠልጠያ ተበጥሷል። ታንጉት ከኪሷ ጠፍሩን አውጥታ ከጫፉ ጋር ገጠመችው። ልክ ነበር።

ወንድምአገኝ ሲናገር እናቱን አላየም።

«ልገድለው አልሄድሁም። ልሸጠው የተስማማሁበት ነበር፣ ገዢው እስኪመጣ ነው የደበቅሁት። በኔ መደብር ጆንያ ተጠቅልሎ ሲያገኘው አወቀ። በሞተር በኋለኛው መንገድ ወርጄ አመሻሹ ላይ ሙሽራው ጫፍ አገኘሁት። ‹ነገ አብረን እንመልሰው፣ እኔም አብሬህ እንበረከካለሁ› አለኝ። ከእጁ ልቀማው ስል ያዘ፣ እኔም ያዝሁ። ጠፍሩ ተበጠሰ።»

«ወርደው አዩት?»

«አየሁት።»

«ይተነፍስ ነበር?»

ወንድምአገኝ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። ሀኒ ከእናቲቱ ጉልበት ላይ ቀና ብላ መልሱን ጠበቀች።

«አንድ ሰዓት ተንፍሷል» አለች ታንጉት፤ ቁጣዋን መደበቅ አቃታት። «መጽሐፉን ተሸክመው ሄዱ፣ ወንድምዎን ተዉት። ከጉድባው ሲወጡ እንደሚሞት ስላወቁ ነው እጅዎ ጋቢዎን ያዞረው። ጠፍሩ በራሱ ተበጠሰ ልንል እንችላለን። ጌታሁንን ግን ‹ይፍቱት› ያሉኝ ምን እንዲሆን ነው?»

ፖሊሶቹ ወንድምአገኝን አስነሱት። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስም ተነሱ። ሰው ደግፎ ሊያቆማቸው ሲሞክር እጁን ገፍተው ብቻቸውን ወደ ልጃቸው ሄዱ። ይመቱታል ብሎ የጠበቀ ብዙ ነበር። እሳቸው ግን የተዘቀዘቀውን ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ይሄን ለክንፈሚካኤል አዙሬዋለሁ» አሉት። «ላንተ ደግሞ በየት በኩል ላዙረው?»

ወንድምአገኝ እግራቸው ሥር ወደቀ። አላነሱትም። ፖሊሶቹ አንስተው ሲወስዱት ዓይናቸው እስከ በሩ ሸኘውና ወደ ጌታሁን ዞሩ። ቴዎፍሎስ ካቴናውን እየፈታለት ነበር።

«ልጅህ ስንት ቀኑ ነው?»

«ዛሬ ሠላሳ ሁለት ነው እመቤቴ።»

«ስምንት ቀን ቀርቶታል።» እናቲቱ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «የክርስትና አባት ከኔ ቤት ነበር ቃል የተገባልህ። ከኔ ቤት ይመጣል። ደረሰ፣ አንተ ታነሳዋለህ።»

ደረሰ ጠመንጃውን አየ፣ እናቲቱን አየ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሊገድለው ሲያስብ የሰነበተውን ሰው አየ። ክርስትና ያነሳ ሰው ከዚያ ቤት ጋር ደም እንደማይቃባ እዚያ ላለ ሁሉ ግልጽ ነበር። ጠመንጃውን ከድንኳኑ ምሰሶ አስደግፎ ወደ ጌታሁን ቀረበና አንገቱን ደፍቶ ጠየቀው።

«ቤታችሁ በየት በኩል ነው?»

ጌታሁን በዚህኛው ጊዜ ነገረው።